እስከ አክስቴ ጓሮ የሚደርስ ጥቅል

አዳማ ውስጥ ሁለት ሲም የማይዝ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ የነባሩ ድርጅት፣ ሌላው በቅርብ ዓመታት የመጣው የአዲሱ ነው። እኔ በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ዝም ባሉ ቁጥር ወሬያችን ይኸው ነበር፤ የማን ጥቅል ይሻላል፣ የማን ደቂቃ ቶሎ ያልቃል፣ የማን ኢንተርኔት ሳይቆራረጥ ቪዲዮ ያሳያል። እኔ አዲሱን መርጬ ነበር። ዋጋው ረከስ ያለ ነው፤ ደቂቃውም ኢንተርኔቱም ወር ያደርሰኛል። አዳማ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሞጆ ላይም እንደዚሁ፤ አስፋልቱን ይዞ እስከ ባቱም ብዙ አያስቸግርም። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ሲገባ ግን የለም። ደቂቃውም ለዚያው ድርጅት ደንበኞች ብቻ ስለሆነ ወደ ነባሩ ስደውል ሒሳቤን ጠራርጎ ይበላዋል። ከአስፋልት ርቆ የሚኖር፣ የምደውልለት ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበረኝ። አክስቴ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሁለቱም ወሎ ነው ተወልደው ያደጉት። አባቴ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከቤት ወጣ፤ ኋላ ሾፌር ሆነና አዳማ ኑሮውን መሠረተ። አክስቴ እሱን ሊጠይቁ በመጡበት አንድ የአርሲ ሰው አያቸው። ሽማግሌ ልኮ አገባቸውና ከአዳሚ ቱሉ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ወዳለች መንደር ይዟቸው ሄደ። ባላቸው ከሞተም በኋላ እዚያው ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ጋር ይኖራሉ። ከአማርኛው ይልቅ ኦሮምኛው ይቀናቸዋል። የምንገናኘው በዒድ፣ በአረፋና በለቅሶ ነው። አባቴ ለዒድ በራሱ ስልክ ይደውልላቸዋል፤ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይመራረቃሉ፣ በዚያው እስከሚቀጥለው በዓል ይሰነባበታሉ። ለዚህ ብዬ ውዱን ጥቅል ዓመቱን ሙሉ መግዛት አልታየኝም።

አባቴ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። ዕድሜውን ከሞጆ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ሲመላለስ ነው የጨረሰው። መኪናውን ከተወ በኋላም ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሞጆ ይሄድና ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ደረቅ ወደቡ አጠገብ ተቀምጦ ስለ አፋር ሙቀት፣ ቁልቁለት ላይ ስለከዳ ፍሬን፣ ስለ ኬላ ፈታሾች ሲያወራ ይውላል። ማታም ያንኑ ለእኔ ይደግምልኛል።

አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ስደርስ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። "አባባ! አባባ!" ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ከብዙ ምርመራ በኋላ ወደ ጥግ ወስዳ እንዲህ አለችኝ፦ "የምትይውን ሁሉ ይሰማል፤ ይገባዋልም። ሊል የፈለገውንም ያውቀዋል። ቃሉን ማውጣቱ ነው ያቃተው።"

እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ በከዘራ መራመድ ጀመረ። ንግግሩ ግን እምቢ አለ። ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት፤ "በቃ።" ውሃ ሲፈልግ "በቃ" ይላል። እንግዳ ሲመጣ "በቃ፣ በቃ" ብሎ ወንበር ያሳያል። ሲናደድም "በቃ!" ነው። ሌላ ነገር ሊል ታግሎ ያቺው ስትወጣበት በግራ እጁ ጉልበቱን ይመታና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሞጆ ያሉ ጓደኞቹ መጥተው ሲያዩት ወንዶቹ ሁሉ አቀርቅረው ወጡ።

ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም፤ አባቴን ጥሎ ሩቅ መሄዱ ደግሞ ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል ዒድ መጣ፣ አለፈም። ትንሽ ቆይቶ ከባቱ ቲማቲም የሚያመላልስ ሰው ስፌት ቤቱ ድረስ ፈልጎኝ መጣ።

"አክስትሽ እህል አልቀምስ ብለዋል" አለኝ። "ወንድሜ ለዒድ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም፣ ስደውልም የሚያነሣ የለም፣ ሞቶብኝ ደብቀውኛል እያሉ ነው የሚያለቅሱት።"

በማግስቱ ጎረቤታችንን፣ እንደ እህቴ የማያትን ሴት፣ አባቴ ዘንድ እንድትውልልኝ ለምኜ ተነሣሁ። ተኝቶ የከረመውን የነባሩን ሲም ከአዲሱ ጋር ስልኬ ውስጥ ከተትኩና ትንሽ የድምፅ ጥቅል ገዛሁበት። እዚያ ሆኜ ወደ ቤት መደወል ካስፈለገኝ ብዬ ነው።

በሞጆና በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ አድርገን ባቱ እስክንደርስ ሁለቱም ሲሞች እኩል ይሠሩ ነበር። አዳሚ ቱሉ ወርጄ ጋሪ ያዝኩ። ጋሪው በግራሮቹ መሀል አቧራውን እያቦነነ ወደ ውስጥ ሲገባ ስልኬን እያወጣሁ አየው ጀመር። የአዲሱ ምልክት አንድ በአንድ እየቀነሰ ሄደና ጠፋ። የነባሩ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። በዙሪያዬ ያለው ሜዳ ብቻ ነው፤ ፍየሎች፣ የቁልቋል አጥር፣ እሩቅ ላይ የሐይቁ ብልጭታ። ያ የማይታይ ነገር በየት በኩል አልፎ እንደሚመጣ ሳስበው ገረመኝ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስነካ ስውል አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

አክስቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታም አላስጨረሱኝ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀብራችሁት ነው የመጣሽ?"

"ወላሂ አልሞተም፣ አክስቴ። ታሞ ነው። ይበላል፣ ይሄዳል፤ መናገር ነው ያቃተው።"

"ድምፁን አሰሚኝ።"

"እኮ መናገር አይችልም። አንዲት ቃል ብቻ ናት የምትወጣው።"

"እሷኑ አሰሚኝ" አሉ። "ካልሰማሁት አለ ብዬ አላምንም።"

የልጃቸው ሚስት እጄን ይዛ "ኮቱ፣ ነይ" አለችኝና ወደ ጓሮ ወሰደችን። ከቤቱ ጀርባ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ኔትወርክ የሚይዘው ከሥሩ ባለችው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። አክስቴን አስቀመጥናቸው። ደወልኩ። ጎረቤቴ አነሣችና ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኬን አክስቴ ፊት ያዝኩላቸው።

"ወንድምዬ" አሉ አክስቴ። "እኔ ነኝ። ትሰማኛለህ?"

ትንፋሹ ተሰማ። ከዚያ "በቃ" አለ። "በቃ… በቃ።" ጉልበቱን ሲመታ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

አክስቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ በመዳፋቸው ጭናቸውን ቀስ እያደረጉ መምታት ያዙ። ቀጥሎ ሻከር ባለ ዝግ ባለ ድምፅ መንዙማ ጀመሩ። የኔ አያት፣ የሁለቱ አባት፣ ወሎ እያሉ በመውሊድ ሌሊት ያወጡት የነበረ መንዙማ መሆኑን ኋላ ነው የነገሩኝ። አንዱን አንጓ ጨረሱና ተቀባዮች የሚቀበሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እጃቸው ብቻ ጭናቸውን መምታቱን አላቆመም።

ከስልኩ ውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ።

በዜማው ብቻ አይደለም የመጣው፤ ከነቃሉ ነው። በነቢዩ ላይ የሚወርደውን ሰላምታ፣ ምስጋናውን፣ ልመናውን፣ አንዱንም ሳይሰብር ተቀበለ። ጥቂት ሰለል ያለ፣ ግን የታወቀ፣ የራሱ ድምፅ። አክስቴ ሁለተኛውን አወጡ፤ እሱ ተቀበለ። ሦስተኛውን አወጡ፤ ተቀበለ።  ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከወዲያ ማዶ ጎረቤቴ "ያ አላህ!" ብላ ስትጮኽ ሰማኋት። "ትሰሚያለሽ? ቃል እያወጣ ነው! አባባ ቃል እያወጣ ነው!"

ሱብሓነላህ አልኩ። ሐኪም ያላገኘው፣ ስንት ለምኜው ያልወጣ ቃል፣ ያን ሁሉ ሜዳና ሐይቅ ተሻግሮ ግራር ሥር ሲደርስ በጆሮዬ ሰማሁ።

አክስቴ ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ። እሳቸው ምንም አልደነቃቸውም። "ምን ያስለቅስሻል?" አሉኝ። "ድምፁ ደህና ነው እኮ።"

ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ጥቅሌ አልቆ ነው። የልጃቸው ሚስት የራሷን ስልክ ከጉያዋ አውጥታ ቁጥሩን እንድነግራት ጠቆመችኝ። ያላት ሒሳብ እስኪያልቅ ሁለቱ በእሷ ስልክ አዜሙ። "ገለቶሚ" ብዬ በቋንቋዋ አመሰገንኳት፤ እሷም እያለቀሰች ነበር።

አዳማ እንደተመለስኩ ንግግር የሚያለማምደው ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ያየሁትን ነገርኩት። ወጣት ነው። ጨርሼ እስክነግረው አዳመጠኝ።

"ዜማ በጭንቅላታችን ውስጥ ሌላ መንገድ አለው ይባላል" አለ። "የንግግሩ በር ሲዘጋ አንዳንዴ በዚያ በኩል ያልፋል። ተምሬዋለሁ፤ ሰው ላይ ሲሆን ሳየው ግን እኔንም ያስደነግጠኛል። በየቀኑ አዚሙለት።"

መጀመሪያ በያዝኩት ርካሽ ጥቅል ተመካሁ። ኢንተርኔቱ ውስጥ የሌለ መንዙማ የለም። እየፈለግኩ ከፈትኩለት፤ አዳምጦ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይቀበልም። እኔም ሞከርኩ፤ ዜማውን ሳበላሽ ይስቅብኛል፣ አንድ ሁለት ቃል ይልና ይተወዋል። የተቀዳው አይጠብቀውም፤ እኔ ደግሞ አላውቅበትም። አክስቴ ግን የት ላይ እንደሚያቆሙለት ያውቃሉ። የሚቀበለው ለእሳቸው ነበር።

ስለዚህ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ። የስፌት ቤት ጓደኞቼ "አዳማ ተቀምጠሽ ውዱን ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አሉኝ። "እኔማ አዳማ ነኝ፤ ቃሉ ያለው አዳሚ ቱሉ ነው" አልኳቸው። የቀን ጥቅል ስትገዢው ርካሽ ይመስላል፣ ወሩ ሲደመር ግን ያስደነግጣል። የሌሊቱ ደቂቃ ግማሽ ዋጋ ነው፤ አሮጊት ሴት ግን በሌሊት ግራር ሥር አይቀመጡም። የነባሩን የወር የድምፅ ጥቅል ያዝኩ፤ ኢንተርኔቴን ተውኩ። ለምሳ መውጣቱን ትቼ ከቤት ቋጥሬ መሄድ ጀመርኩ። ተጎዳሁ ብዬ ግን አላውቅም። ዋጋ ከፍዬ እንደዚያ ያለ ነገር ገዝቼ አላውቅም።

በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ ነበር የሚገናኙት። አባቴ ቀደም ብሎ ጋቢውን ለብሶ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ይጠብቃል። ዝናብ ሲከብድ ወይም እዚያ መብራት ሲጠፋ መስመሩ እምቢ የሚልበት ቀን አለ። ያን ቀን ቤታችን ይጨልማል። ሲሠራ ግን የአባቴ ፊት ላይ የሚታየውን እንዴት ብዬ ልናገረው። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ተመልሶ ሲገባ እንደሚመስለው ነበር።

ባለሙያው የለመደውን ዜማ ይዤ ሌላ ቃል እንዳስገባበት አስተማረኝ። "ውሃ ስጪኝ" የሚለውን በመንዙማው ዜማ አዜምኩለት፤ ደጋግሞ ደጋግሞ ያዘው። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚጠይቀኝ እያዜመ ሆነ። ሻዩም፣ "መስኮት ክፈቺ"ም፣ "ጫማዬ የት አለ"ም በዜማ ሆነ። ጎረቤቴ ከግድግዳው ወዲያ እየሰማች ትስቃለች። እሱም ይስቃል። ወራት ሲያልፉ ዜማው ከቃሉ ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና አንድ ቀን በደረቁ "ስኳር አነሰው" አለኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ዛሬ አጫጭር ነገር ይናገራል። ቃል ይጠፋበታል፣ ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ያገኘዋል። እንደ ድሮው ሙሉ ቀን አያወራም፤ እንደዚያ ይሆናል ብሎም ማንም ተስፋ አልሰጠኝም።

ባለፈው አረፋ ወደ አክስቴ ይዤው ሄድኩ። ከጋሪው ሲወርድ የጎረቤት ሴቶችና ሽማግሌዎች ግቢውን ሞልተው ጠበቁን። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ አክስቴ ስልክ ሲይዙ ሰው ይሰበሰብ ኖሯል። አብረው ሲቀበሉ ከርመዋል። ብዙዎቹ አማርኛም በደንብ አያውቁም፤ መንዙማውን ግን በቃላቸው ይዘውታል። አባቴን አይተውት ስለማያውቁ ከዘራውንና የዛለ እጁን አዩ።

አባቴ በግራ እጁ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ቃሉን ሲፈልግ አየሁት። ላግዘው ስል አክስቴ ክንዴን ያዙኝ።

"አሰላሙ… አለይኩም" አለ።

ግቢው ሁሉ ባንድ አፍ መለሰለት። ድምፁን ሲሰሙ ነው ያወቁት። አንዲት ባልቴት እየተንደረደሩ መጥተው ዝላ የተንጠለጠለችውን ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሟት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እሱ ግን በሰዎቹ መሀል አሻግሮ ከጎኔ የቆሙትን እህቱን ይፈልግ ነበር።