ቀይ ጨርቅ ያሰርኩላቸው ውሾች

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቡታጅራ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የከተማውን ባለቤት አልባ ውሾች ለመከተብ ወራት ፈጅቶብኛል። ውሻ እየተሯሯጠ አይከተብም። ሉካንዳ ቤቶቹ በር ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ «ቡቺ፣ ቡቺ» እያልኩ ዳቦ አጎርሳቸው ነበር። የከተብኩትን አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስርለታለሁ። የተከተበ ውሻ ሰፈሩን ከእብድ ውሻ በሽታ የሚጠብቅ አጥር ነው፤ በጨርቁ አትንኩት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የተጠጋችኝ አንዲት ቡናማ ውሻ ናት። የምታድረው በርበሬ የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። አባባ ወደ መስጊድ ሲሄዱ እስከ አጥሩ ትሸኛቸዋለች። እሳቸው ግን ነክተዋት አያውቁም፤ ምግቧን እንኳ በእንጨት ገፋ አድርገው ነው የሚሰጧት።

«ዶክተር፣ ለሶላት የታጠብኩትን ውዱእ ታበላሽብኛለች» ይሉኛል እየሳቁ። «ግን እሷ ከሌለች ሱቄን ማን ይጠብቅልኛል?»

አንድ ሰሞን ሰው ተነከሰና ማዘጋጃ ቤቱ ውሾቹን በመርዝ ላጥፋ አለ። ሮጬ ሄድኩ። ውሻው የሚበዛው ሉካንዳዎቹ ቦይ ውስጥ በሚጥሉት አንጀት ነው፣ እሱን አስነሱ፤ የቀሩትን ልከትብ፣ እንዳይወልዱ ላምክን ብዬ ለመንኩ። ኃላፊው ስልኩን እየነካካ «አይዞሽ፣ ቀይ ጨርቅ ያለውን እንዳይነኩ ነግረናል» አለኝ። እኔም አምኜ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ባሰሩ ሬሳዎች ተሞልቷል። ያልተከተቡት፣ ሰው የሚሸሹት፣ ከወንዙ ማዶ ቆመው ያዩናል። መርዙን የበተነውን ሠራተኛ አንቄ ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

«ጨርቁን አላየህም?»

«አይቻለሁ። ግን ሌሎቹ እኮ ቡቺ ሲሏቸው አይመጡም።»

እነዚህ ግን መጡ። መምጣትን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

ቡናማዋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተዘርራለች። ጋሪ የያዙት ሰዎች በእግሯ ሊጎትቷት ሲሉ አባባ «ተዉ!» ብለው ጮሁ። ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው አቅፈው አነሷት። ጋሪው ላይ ቀስ አድርገው አስተኟት፣ ጨርቁን ከአንገቷ ፈትተውም እጄ ላይ አኖሩት።

«ዶክተር፣ ይሄን ዳግመኛ ለማንም እንዳታስሪ።»

በሳምንቱ ከማዘጋጃ ቤቱ «የቀሩትን ከትቢ» የሚል ትእዛዝ መጣልኝ። ዳቦዬን ይዤ ሉካንዳው በር ላይ ቁጢጥ አልኩ። «ቡቺ፣ ቡቺ» አልኩ። አንድም አልመጣም።

ደግ አደረጉ።