በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈችው ቁጥር

የሽማግሌው ደብተር ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተጽፏል። አርባ ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ብቻ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበረች። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ በእሳቸው ቦታ ፊዚክስ የምታስተምረው ሴት፣ ይህን ያስተዋለችው ጡረታ ሲወጡ ደብተሩን ከሰጧት በሦስተኛው ዓመት ነው።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት ማንም በዓይኑ በማያየው ነገር ላይ ነው፤ በሞተ ኮከብ ሆድ ውስጥ፣ ኒውትሮኖች ሁለት ሁለት እየተጣመሩ ያለ አንዳች ሰበቃ የሚፈሱበት ፈሳሽ። አንዴ መሽከርከር ከጀመረ ራሱን የማያቆም ጉድ! ያቺ ቁጥር የጥንዶቹን መሳሳብ ብርታት ትናገራለች። በእሷ የተሠራው ስሌት ከከዋክብቱ የሽክርክሪት ልኬት ጋር ልክክ ስላለ የሽማግሌው ስም ገነነ። ሴቲቱ ግን ከመጀመሪያው ብታሰላ፣ አምስት ጊዜ ብትደጋግም፣ ቁጥሯ አልወጣ አለቻት። የምርምር ጽሑፏን ለሳይንስ መጽሔት የምትልከው ነገ ነው። ያገኘችውን ከጻፈች፣ የምታፈርሰው ያሳደጓትን ሰው ስም ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ቁጥር ከየት አመጧት?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደብተሩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «ከገበያ ነዋ! ደህና ደህናው ሳያልቅ ብዬ በጠዋት ሄጄ።»

«የምሬን እኮ ነው።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ለአንቺ ስንት ወጣልሽ?»

«የእርስዎን ግማሽ አይሞላም።»

«ለእኔም ያኔ ግማሽ ነበር የወጣልኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልኬቱ ጋ አልደርስ አለኝ። ለጊዜው ብዬ የምታደርሰኝን ቁጥር አስቀመጥኩ። ምክንያቷን በኋላ ልፈልግላት፣ እንዳልረሳት በእስክሪብቶ ጻፍኳት። ከዚያ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት...»

«እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምጽፈው፣ ጋሼ?»

«እንደወጣልሽ። ‹ምናልባት›፣ ‹ይመስላል› እያልሽ ደግሞ እንዳታሽሞነሙኚኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ይቆጣል። ምን እንዲል ፈለግሽ?» ደብተሩን መለሱላት። ወዲያው ግን ዓይናቸው እንደ ሕፃን ቦግ አለ። «ግማሽ ከሆነ፣ ኮከቡ ለምን እንደዚያ ይሽከረከራል?»

«አላውቅም።»

«እኔም» አሉና ዞሩ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደተሰቀለ፣ ግድግዳውን በአንድ እጃቸው እየዳበሱ በኮሪደሩ ሄዱ። ሁለት ተማሪዎች ከአግዳሚው ብድግ ብለው እጅ ነሷቸው፤ እሳቸው ግን አላዩም።