በሽሮው ከረጢት ላይ የልጄ እጅ

ከቢቸና የወጣሁ ሌሊት ልጄ ይትባረክ ሻንጣዬን መኪናው ላይ ጭኖልኝ ሲያበቃ እጁን ያዝኩት። ጣቶቹን እንደ ወትሮው ቀለም ነክቷቸው ነበር። «እማ፣ አትፍሪ፤ እኔ የሺ ዘንድ እሆናለሁ» አለኝ። የሺ እህቴ ናት፣ ሞጣ ላይ ሽሮ እያስፈጨች ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች የምትሸጥ። የፈራሁት ለራሴ መስሎት። ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ነጋ፤ ወደ ኋላ ስዞር ስዞር አንገቴ ታመመ።

በሰው ቤት ልሠራ የመጣሁበት ቤይሩት እንደ ቢቸና አይበርድም፤ ላቡ ግን አያሳርፍም። ምግቡ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይላል። ብዪ እንጂ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ ብሎ የሚለምነኝ የለም። ይባስ ብሎ ወደ አገር ቤት ስልክ አልገባ አለ።

አንድ እሑድ ሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልገዛ ገብቼ ቆሜ ቀረሁ። ከረጢቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የይትባረክ እጅ ነው። እኔ ፊደል እየቆጠርኩ እንጂ አላነብም፤ የእሱን ግን በሩቅ አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቁም ጽሕፈት ተምሯል፤ ብራና ላይ እንደሚጻፈው በመቃ ብርዕ ነው የሚጽፈው። «ሽ»ን ሁለት እግሩን እንደ መንገደኛ አራርቆ ያቆመዋል፤ ከ«ሮ» ስር የሽንብራ ፍሬ ያንጠለጥላል። ሁለት ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖለት አያውቅም፤ አንዱ «ሽ» ሲሮጥ ሌላው ያነክሳል። አዲስ ሽሮ በመጣ ቁጥር አዲስ ወረቀት አያለሁ፤ ልጄ አለ ማለት ነው። ደብዳቤ ከዚህ በላይ ምን ይነግረኛል።

ሽሮው ሲያልቅ ከረጢቱን መጣል አቃተኝ። የመጽሐፍ ፊደል እኮ ነው፤ በእኛ አገር ማን ቆሻሻ ላይ ይጥለዋል? ከዚያ ወዲህ የመጣውንም ሁሉ እያጣጠፍሁ ከፍራሼ ስር አኖርሁት። አሠሪዬ መዳም አገኘችውና ሲሕር ነው፣ ድግምት አስደግማብኛለች ብላ ወደ መክተብ፣ ወዳስቀጠረኝ ቢሮ ማለት ነው፣ እየጎተተች ወሰደችኝ። የቢሮው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ አሸተተውም።

«ምን ይላል?»

«ሽሮ።»

«ይህ ሁሉ ጌጥ ለሽሮ?»

«ለሽሮ ነው፣ ሚስተር።»

«ታዲያ ለምን ትተኚበታለሽ?»

የልጄ እጅ ነው ልለው ፈለግሁ፤ ዐረብኛዬ አልደርስ አለኝ። «ያምራል» አልኩት። ሰውዬው ሳቀና መዳምን አትፍሪ፣ የሚበላ ነገር ነው አላት። እሷ ግን ቤት እንደገባን ሁሉንም በጣሳ ውስጥ አቃጠለችው። እኔ አመዱን ጠረግሁ፤ ሌላ ይመጣል ብዬ።

መጣም። የተለጠፈ ወረቀት ግን የለውም። ላስቲኩ ላይ የታተመ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሁሉም «ሽ» እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የቆመ። ከረጢቱን ሁሉ አንድ በአንድ አገላበጥሁ። ባለሱቋ «አሁን ገና አማረ፣ ዘመናዊ ሆነ» አለችኝ። ሽሮውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ስንት ጊዜ ሞክሬ የሺ ስልኩን አነሳች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ስታወራኝ ቆየች። ከረጢቱንስ ማን ይጽፈዋል አልኋት። በማሽን ነው፣ ባሕር ዳር ይታተማል፣ ይሻላል አለች።

«ይትባረክን አገናኚኝ።»

«ወጥቷል፣ እታለም።»

«እንግዲያ አንዲት ‹ሽ› ብቻ በእጁ ይጻፍና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

የዝናቡን ወሬ እንደገና ጀመረችልኝ። «የሺ፣ ‹ሽ›ዋን» አልኋት።

«እሺ፣ ሲመጣ» አለችኝ።

ከየት ሲመጣ ብዬ አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።