ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች

ባለቤቴ ጠበሉንም ስለቱንም አዳርሳ ስታበቃ፣ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ "አንተስ ታይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ቆጣ ብላ አልነበረም። ደክሟት ነበር።

ከተጋባን ብዙ ዓመታችን ነው፤ ልጅ ግን አልወለድንም። ሞላሌ ላይ ጨርቅ እንሸጣለን። እናቴ በመጣች ቁጥር ሌላ ሴት አግባ ትለኝ ነበር፤ ባለቤቴም ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

ደብረ ብርሃን ሄድን። ሐኪሙ ዳሰሰኝና ከግራ የዘር ፍሬዬ በላይ ያሉት ደም መላሽ ሥሮች አብጠዋል አለኝ። በቀዶ ሕክምና አስተካከላቸው፤ በዚያው ከፍሬው ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ለምርመራ ላከ። ውጤቱን ልንሰማ ስንመለስ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠኝ።

በመጀመሪያ ሐምራዊ ጭጋግ ብቻ ነበር። ሲጠራልኝ ክብ ክብ ነገሮች ተደርድረው አየሁ፤ የተቆረጠ የሸምበቆ እቅፍ ከጫፉ ሲያዩት እንደሚመስለው። ዘር የሚሠራው እነዚህ ቱቦዎች ውስጥ እንደሆነ ነገረኝ። ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች ዙሪያቸውን ይከቧቸዋል፤ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቁም፤ ምግቡ በግድግዳው ሰርጎ ነው የሚገባው። የእኔ ግድግዳ ወፍሯል፤ ደም ሥሮቹም ጠበዋል፣ ሳስተዋል። ብዙዎቹ ቱቦዎች ባዶ ነበሩ።

"ቱቦዎቹ ይድናሉ?" አልኩት።

"ለአንዳንዱ ሰው ይሻለዋል። ለአንተ ግን ቃል ልገባልህ አልችልም።"

ባለቤቴ በመንገዱ ሁሉ እጄን ጋቢው ሥር እንደያዘች ሞላሌ ገባን።

እናቴን በማግስቱ ሄጄ አገኘኋት። ወንድ ልጅ ለእናቱ የሚነግረው ነገር አይደለም፤ ነገርኳት። "ጉድለቱ ከእኔ ነው። ከእንግዲህ እሷን እንዳትናገሪያት።" እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እሑድ ቤታችን መጣችና ባለቤቴን አቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጠበቅን። በየወሩ ባለቤቴን በዓይኔ እጠይቃታለሁ፤ እሷም በዓይኗ ትመልስልኛለች። እስካሁን አልሆነም።

ዘንድሮ ጥምቀት ላይ አባቶች ታቦቱ ሲያልፍ እንዲያዩ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አወጡ። ፊት ለፊቴ አንዲት ሕፃን የአባቷን ፀጉር ጨብጣ ትስቅ ነበር። ሕዝቡ እልል ሲል እኔ እሷን እያየሁ ነበር፤ ታቦቱ ማለፉን ያወቅሁት ባለቤቴ ክንዴን ስትነካኝ ነው።