ራሕዋ ስትመጣ ንገሪያት

ራሕዋ ገብረአምላክ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የሚደውሉት ሰዎች መልኳን አያውቁም፤ ድምፅዋን ግን ለይተው ያውቁታል። ተቆጥቶ የደወለ ሰው እንኳ እሷ «ጤና ይስጥልኝ» ስትለው ይለዝባል ይሏት ነበር ባልደረቦቿ። ከሆቴሉ ጀርባ ባለ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ከእናቷ ከወይዘሮ ትርሓስ ጋር ትኖራለች። አላገባችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት «አደይን ለማን ትቼ?» ትላለች። እናቷን የምትጠራው በትግርኛው ነው።

ወይዘሮ ትርሓስ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ኋላ ደግሞ መርሳት መጣ፤ ጠዋት የነገሯቸውን ከሰዓት አያስታውሱትም። ያልጠፋቸው የልጃቸው ድምፅ ብቻ ነው። ራሕዋ ከሥራ ስትመለስ ገና ከግቢው በር «አደይ!» ስትል ተኮሳትሮ የዋለው ፊታቸው ይፈታል።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የራሕዋ ግራ መንጋጋ አበጠ። የጥርስ ሕመም መስሏት በቅርንፉድ ስታባብለው ከረመች። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ «ካንሰር አይደለም፤ ግን አጥንቱን እየበላው ነው፣ ተቆርጦ መውጣት አለበት» አላት። ከዳሌዋ አጥንት ተወስዶ እንደሚተካ፣ እስኪገጥም ድረስም የላይና የታች ጥርሷ በሽቦ እንደሚታሰር አስረዳት።

ልትገባ ስትል እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ደጋግማ ነገረቻቸው። «ሆስፒታል ልገባ ነው አደይ። ስመለስ አፌ ለጊዜው ይታሰራል።»

«እመቤቴ ታውጣሽ፣ ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በማግስቱ ረሱት።

ከሆስፒታል የወጣችው ፊቷ አባብጦ፣ በዳሌዋ ቁስል እያነከሰች ነው። የታችኛው ከንፈሯ ደንዝዞ የጠጣችው ነገር አገጯ ላይ ሲወርድ አይሰማትም። ምግቧ ሁሉ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ፣ በስትሮ የሚመጠጥ ሆነ። ረሃቡ ከሕመሙ ባሰባት፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ መስኮቷን ትዘጋለች። ሽቦው ጉንጯን ከውስጥ አቆሰለው። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ወንድሟ ሃይለአብ ፒንሳ አምጥቶ ራስጌዋ አስቀመጠላት። «ካስመለሰሽ ሽቦውን ቶሎ ቁረጪው ብለዋል ሐኪሞቹ፣ እንዳትታፈኚ» አላት፣ ፊቷን ላለማየት ወደ ግድግዳው እየተመለከተ።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው እናቷን ነው።

ቤት የገባች ዕለት እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በተገጠመ ጥርሷ መካከል «አደይ» አለች። የወጣው የታፈነ፣ የሚያፏጭ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ ወይዘሮ ትርሓስ።

«እኔ ነኝ... ራሕዋ።»

«በልጄ ስም አትቀልጂብኝ!»

የእናቷን እጅ ወስዳ ፊቷ ላይ አሳረፈችው። የጣቶቻቸው ጫፍ እብጠቱንና ስፌቱን ሲነካ ወይዘሮ ትርሓስ እጃቸውን ነጠቁ። «የልጄ ፊት ይህ አይደለም» አሉ። ወዲያው ደግሞ አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው አሸተቱ። «ወተት ወተት ትሸቻለሽ። የኔ ልጅ በፍልሰታ ወተት በአፏ አይዞርም።» ወተቱን የንስሐ አባቷ ለሕመሟ ሲሉ ፈቅደውላት ነበር፤ ይህን ግን በዚያ አፍ እንዴት ታስረዳቸው?

ጎረቤቷ ቡዜ፣ እዚያው ግቢ የምትኖር የልብ ወዳጇ፣ ልታግዛት ሞከረች። «እማማ ትርሓስ፣ ራሕዋ እኮ ናት! ታማ ነው።» አሮጊቷ ትንሽ ቆይተው «ልጄ አልመጣችም?» ብለው ይጠይቃሉ። ከራሕዋ እጅ አልጎርስም ስላሉም ቡዜ ታጎርሳቸው ጀመር።

አንድ ጠዋት ቡዜ ስትገባ ራሕዋን መስታወት ፊት፣ ፒንሳውን አፏ ውስጥ ከትታ አገኘቻት። ሮጣ እጇን ያዘችው።

«አጥንቱ ሳይገጥም? ልትጠፊ ነው እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች ራሕዋ በጥርሷ መካከል። «አንድ ጊዜ ብቻ አደይ ልበላት።»

«ብትፈቺውስ? እብጠቱ ሳይጎድል የድሮው ድምፅ አይወጣሽም። በቃ፣ መስከረም ይፈታል። ትንሽ ታገሺ።»

ታገሠች። እኔ ነኝ ማለቱንም ተወችው። ቀስ በቀስ ወይዘሮ ትርሓስ ለዚያች ለማያውቋት ሴት እጅ ለመዱ። ስታጥባቸው፣ ፀጉራቸውን ስታበጥር «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ እመቤት» ይሏታል። እያደር ያወሯትም ጀመር።

«ልጄን የሰለቸኋት ይመስለኛል» አሏት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። «አልፈርድባትም። ዕድሜዋን እኮ እኔ ነኝ የበላሁባት። ግን ሳትሰናበተኝ... እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችም።»

ራሕዋ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀረች። አፍ ከፍቶ ማልቀስ አልተቻላትም፤ በአፍንጫዋ ብቻ ስትተነፍስ ታፈነች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አሮጊቷን ሳል ያዛቸው። ሃይለአብ ሐኪም አመጣ፤ መድኃኒት ታዘዘ፤ ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ቡዜ እግራቸውን፣ ራሕዋ እጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አንቺ ደግ ሴት» አሉ ወይዘሮ ትርሓስ።

ራሕዋ እጃቸውን ጠበቅ አደረገች።

«ራሕዋ ስትመጣ ንገሪያት። እናትሽ አልተቀየምኩሽም ብላለች በያት።»

ቡዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ራሕዋ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች። እኔ ነኝ ብትል በመጨረሻ ሰዓታቸው እንደገና ልታስቆጣቸው ነው።

«እነግራታለሁ» አለች።

ወይዘሮ ትርሓስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳይመሽ ዐረፉ።

ቂርቆስ ተቀበሩ። ሙሾው ሲወርድ፣ ደረት ሲደቃ ራሕዋ ሃይለአብ ክንድ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች «እንዴት ለእናቷ አንዲት ቃል አታወጣም?» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማች።

ሽቦው የተፈታው በመስቀል ሰሞን ነው። አፏ ከጣት በላይ አልከፈት አለ፤ በጠፍጣፋ እንጨት እየፈለቀቀች፣ እያላበች ስታለማምደው ከረመች። ቡዜ ያበሰለችላትን ለስላሳ ገንፎ በመጀመሪያ ስትውጥ ጣዕሙ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አለቀሰች። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ድምፅዋ የቀድሞው ነበር ማለት ይቻላል። ከንፈሯ ግን እንደደነዘዘ ቀረ።

ሊያጽናናት የመጣ ሁሉ «እናት እኮ ልጇን አትስትም፣ በሆዷ ታውቅሽ ነበር» ይላታል። አሜን ብላ ትሸኛቸዋለች። ሁሉን የሰማችው ቡዜ ግን እንዲህ ብላት አታውቅም። ራሕዋም ሐዘኑ ሲጠናባት የምትሄደው ቡዜ ዘንድ ነው። ቡዜ ሥራዋን ትታ አጠገቧ ትቀመጣለች።