በሁዳዴ የተጠጣ ወተት

የዱቄት ወተት ጣሳ ሲከፈት የሚወጣው ጣፋጭ ሽታ ሌላውን ሰው ሕፃን ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ዱላ ነው፤ ዛሬም ለደንበኛ ስከፍት ፊቴን ዞር አደርጋለሁ።

ያኔ ይጁቤ ላይ ሱቅ ገና መክፈቴ ነበር፣ ጢሜም በቅጡ አልወጣ። አያቴና ጎረቤቱ በእርሻ ድንበር ተጣሉ። ሁዳዴ ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሥጋውን ጾመው ዱላውን ገደፉ። አያቴ ቀድሞ የጎረቤቱን ግንባር ፈነከተ። ሰውየው ደሙን ከዓይኑ ጠርጎ አያቴ ዳሌ ላይ ዱላውን አሳረፈበት። ቋ! ሲል እኔም ሰማሁ። አያቴ ትልሙ ላይ ወድቆም ስድቡን አላቋረጠም።

ደብረ ማርቆስ ወስደነው ብረት ገባለት። ሐኪሟ የዱቄት ወተት ጣሳ እያሳየች፣ “አባቴ፣ ይህንና እንቁላል ካልወሰዱ ጉልበት አይኖርዎትም፤ አይነሱም” አለችው።

ወደ ቤት ከመለስነው በኋላ የነፍስ አባቱ መጥተው፣ “ታመሃል፤ ፈትቼሃለሁ፣ ጠጣ” አሉት። ወይ ፍንክች! አክስቴ ኩባያውን ብታስጠጋው በጥፊ መታው፤ ወተቱ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ከሱቄ የወጣ ነበርና እኔንም አመመኝ።

“አጥንቴን ወሰደ፤ ጾሜንም ልጨምርለት?” አለ። ክንዱ እንደ ጭራሮ ቀጠነ፤ ጀርባው ቆሳሰለ፤ ክፍሉ መግል መግል ሸተተ።

በመጨረሻ አማላጆች ጎረቤትየውን አመጡት፤ ግንባሩ በጨርቅ እንደታሰረ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ “ስለ እግዚአብሔር ማረኝ” እያለ።

አያቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። “ያን ወተት ጠጣው። አንተ ከገደፍህ እኔም እገድፋለሁ።”

“እሱ ጤነኛ ነው! አልፈታውም!” ብለው የነፍስ አባቱ ጮኹ።

ጎረቤትየው ድንጋዩን ሳያወርድ እጁን ኩባያ ወደ ያዝኩት ወደ እኔ ዘረጋ። “ወዲህ በለው፣ ልጄ።” እስከ አተላው ጨለጠው። ሪዙ ነጭ ሆኖ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ “በል ጠጣ፣ አንተ ክፉ!” አለ።

አያቴ ሳቀ፤ እየሳቀ ረገመው፤ ዳግም የቀዳሁለትንም ጠጣ።

ከፋሲካ በኋላ በከዘራ ቆመ። ዛሬ ሁለቱም አፈር ናቸው። ጾሙን ስለገደፈ ለጎረቤትየው የተሰጠው ንስሐ ከበዓለ ሃምሳ በኋላ የሚሰገድ ስግደት ነበርና፣ አያቴ እያነከሰ ቤተ ክርስቲያን ይከተለው፣ አጠገቡ ቆሞም ስግደቱን ይቆጥርለት ነበር። አንድ ቀን ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ፤ አሥራ ሁለት ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሃያ አለ።