ውርጭ የማያውቁ ጥዶች

በእኔ እጅ የተተከለ ዛፍ ሞቶ አያውቅም። ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ደረቅ ዱላ ብተክል እንኳ በሦስተኛው ቀን ቅጠል ያወጣል፤ የመጥረቢያ እጀታዬን ደጅ አሳድሬው ጠዋት አብቦ አግኝቼዋለሁ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና ብኩራራ አይፈረድብኝም። የማያምነኝ ካለ ከሞጣ በላይ ያለውን የአማቴን መሬት ሄዶ ይይ ልል ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ባይሄድ ይሻላል። እዚያ የተከልሁት ጥድ፣ ከአንድ ጥግ በቀር፣ ሁሉም አልቋል።

አማቴ የሚኖሩት ከሞጣ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል በእግር ሽቅብ ሲወጡ፣ ጠዋት የሚናገር ሰው ከአፉ ጭስ የሚያወጣበት ደጋ ላይ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ተዳፋት ባሕር ዛፍ ነበራቸው። ከተዳፋቱ ግርጌ ደግሞ ምንጭ አለ። ባሕር ዛፉ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ምንጩ ወደ ታች ሄደ። በጋ ሲሆን የሚስቴ እናት እንስራቸውን አዝለው ወዲያኛው ሸለቆ መውረድ ጀመሩ። ጉልበታቸው ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።

አንድ ጥር ለሠርግ ሄደን ሳለ አማቴን ከእንግዳው ለይቼ ያዝኋቸው።

«አባባ፣ ይህ ባሕር ዛፍ እኮ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤቱን ከማጀት ያስወጣ ጠጪ ነው። ይቁረጡትና የሐበሻ ጥድ ይትከሉ። ጥድ ቁጥብ ነው። ጥድ ካለ ምንጩ ይመለሳል።»

«ይህ ባሕር ዛፍ ጡረታዬ ነው» አሉኝ። «አንተን መንግሥት ይጦርሃል፤ እኔን የሚጦረኝ ይህ ነው። ጥድህ ቢሞትስ?»

«እኔ የተከልሁት?» ብዬ ሳቅሁ። «አባባ፣ እሱ ከሞተ ጉድጓድ ቆፍረው እኔን በቦታው ይትከሉኝ!»

ያልሁት ጮክ ብዬ ነበር። ሠርገኛው ሁሉ ሰማ፤ ሳቀ። አማቴ ግን አልሳቁም። የሰው ቃል ሲሰሙ እንደ እህል የሚያበጥሩ ሰው ናቸው። ጥቂት ሳምንት ቆይተው ባሕር ዛፉን አስቆረጡት።

የጥዱን ዘር ቀደም ባለው ዓመት የሰበሰብሁት ከብቸና ወደ ዓባይ ከሚያዘቀዝቀው ሞቃት አገር፣ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ለምን ከዚያ? ቅርብ ስለሆነ። ዛፎቹም ፍሬያቸው ከመብዛቱ የተነሣ ቅርንጫፋቸው መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዘር የፈሉትን ችግኞች ለአማቴ ብዬ ለየሁ። ጣቢያው ውስጥ በዳስ ጥላ ሥር፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እየጠጡ፣ እንደ ሀብታም ልጅ ተሞላቀው ያደጉ ናቸው።

ሐምሌ ላይ ችግኞቹን በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭኜ ወደ ሞጣ ተነሣሁ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰላጣ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአማቴ።»

«ምነው፣ በግ ተወደደ?»

መንገደኛው እስከ ደብረ ወርቅ በእኔ ሲስቅ ሄደ። ምን ገዶኝ! ደን ጭኜ የምሄድ ሰው ነኝ።

ከመትከላችን በፊት ተዳፋቱን እንደ አውድማ አስመነጠርሁት። ቀጋው፣ አምጃው፣ ሣሩ፣ ሁሉም ወጣ። የባሕር ዛፉ ጉቶ ብቻ ቀረ። ከምንጩ አጠገብ ያለውን የታችኛውን ጥግ የሰጠሁት ለሚስቴ ወንድም ነው። ይህ ሰው የልጆች አባት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን ሥራ ከሩቅ ሲያይ ወገቡን የሚያመው ፍጡር ነው። ማታ ልይ ብወርድ ቁጥቋጦው እንዳለ ነው። ችግኞቹን በቀጋውና በአምጃው መካከል እየወሸቀ አልፏቸዋል። እሱ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል።

«ምንጣሮው የታለ?»

«ጋሼ፣ ቀጋው ይወጋል እኮ።»

«ቀጋ ካልወጋ ቀጋ ይባላል? ጥዱን እሾህ ውስጥ ቀበርኸው!»

«እሱም ይወጋል። እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ።»

መጥረቢያ ይዤ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ጀምበር እየጠለቀች ነበርና ትቼው ወጣሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ መስቀልን ሳይጠብቅ ወጣ። አማቴ በልጅነታቸው ጥቅምትም ይረጥብ እንደነበር ይናገራሉ፤ አሁን ዝናቡ ሲመጣ ይዘገያል፣ ሲመጣም ያለ ልክ ይወርዳል፣ ከዚያ ሳይሰናበት ይሄዳል። እኔ በዝናቡ መውጣት ያሰብሁት ጥማቱን ነበር። ብርዱን አላሰብሁትም። ደመና ግን ለደጋ ጋቢው ነው። ጋቢው ቀድሞ ሲገፈፍ ምድሪቱ ራቁቷን ታድራለች፤ ውርጩም ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይደርሳል።

ኅዳር ላይ የሚስቴ ወንድም ደወለ።

«ጋሼ፣ ጥድ የሚታጨደው መቼ ነው?»

«የምን ማጨድ?»

«አይ፣ የደረሰ ጤፍ መስሏል ብዬ ነው።»

በማግሥቱ ወጣሁ። እውነቱን ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቢጫና ቡናማ ሆኗል። ቅጠሉን በጣቴ ብነካው እንደ በሶ ዱቄት ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ገብስ የሚያጭድ አንድ ጎረቤት ቀና ብሎ፣

«እንኳን ደኅና መጡ! ጉድጓዱን ከየት ወገን እንቆፍርልዎ?» አለኝ። የሠርጉን ቃሌን አገሩ ሁሉ ሸምድዶታል።

አማቴ አልቀለዱም፤ አልተቆጡም። መጥረቢያቸውን ይዘው አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ አጠገብ ቆመዋል። ባሕር ዛፍ ቆረጥሁት ብለው የሚገላገሉት አይደለም፤ ከጉቶው አቆጥቁጦ ይነሣል። አማቴ ከክረምት ጀምሮ ቡቃያውን በየጊዜው እየጨፈጨፉ ኖረዋል። ውርጩ እሱንም ጫፉን ለብልቦታል፤ ከሥሩ ግን ሌላ አረንጓዴ እየወጣ ነበር።

«እስካሁን ስጨፈጭፈው ነበር» አሉ። «ከዛሬ ወዲያ አልነካውም። ይነሣ።»

«አባባ፣ ከተነሣ እኮ ምንጩ...»

«ምንጩን አውቃለሁ። ለእሱ ብዬ አይደል የቆረጥሁት? ምን ላድርግ ነው የምትለኝ? ዛፌንም አጥቼ፣ ውኃውንም አጥቼ ልቀመጥ?»

መጥረቢያውን ጉቶው ላይ አጋደሙት።

ከፊታቸው ዘወር ለማለት ስል ወደ ምንጩ ወረድሁ። የዚያን ጊዜ ነው ያንን ያልተመነጠረ ጥግ ያየሁት። በቀጋውና በአምጃው ሥር ጥዶቹ አረንጓዴ ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ብዙዎቹ። እሱ ጥግ ደግሞ ከተዳፋቱ ሁሉ የባሰ ብርድ የሚተኛበት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳልና። ቁጥቋጦው ግን ሌሊት ብርዱን፣ ቀን ፀሐዩን ሲከላከልላቸው ከርሟል። የሚስቴ ወንድም ከኋላዬ ደረሰና ጥዶቹን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«እኔም አስቤበት ነው» አለ።

«አንተማ ተኝተህበት ነው።»

«ተኝቼ ነዋ ያሰብሁት።»

አማቴንም ጠርተን አሳየናቸው። አጎንብሰው አንዱን ቅጠል ዳሰሱ።

በማግሥቱ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ጥዶች አሉ። በዚያ ብርድ እነዚህ እንዴት እንዳደጉ ለማየት በሆዴ እየተሳብሁ ቁጥቋጦ ሥር ገባሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ እግሬን ብቻ አይተው፣

«አንተ ሰውዬ! ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉ።

«ጥድ!» አልሁ ከውስጥ።

«ጥድ አናትህ ላይ ቆሞ ቁጥቋጦ ሥር ትፈልጋለህ?»

ነገሩ እንደዚያው ነው። ሜዳው ላይ አንድም ትንሽ ጥድ የለም። ቁጥቋጦው ሥር ግን ወፍ የዘራቸው ሕፃናት ጥዶች ተጨናንቀው ቆመዋል። ወላጆቻቸው ስንት ዘመን ውርጭ ሲቆረጥማቸው የኖሩ ናቸው፤ የማይችለው ሞቷል፣ የቻለው ዘርቷል። እኔ ደግሞ ከዓባይ አፋፍ ሙቀት የለመደ ዘር አምጥቼ፣ በጥላ አሞላቅቄ፣ ጋሻውን መንጥሬለት፣ ራቁቱን አቆምሁት። ጥድ ጥድ ነው ብዬ። የቆላ ሰው ያለ ጋቢ ጮቄ ላይ አሳድሬ ጠዋት ለምን ታመመ እንደማለት ነው።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ዛፍ እንደ ድግስ ቤት እንግዳ መሆኑን ለስንቱ ገበሬ አስተምሬአለሁ። ሁሉም መቀመጫውን ያውቃል። ወደ ዓባይ ሲወርዱ ግራር ነው፤ ብቸናና ሞጣ ዙሪያ ዋንዛና ብሳና፤ ከፍ ሲል ወይራና ጥድ፤ ከዚያ ኮሶ፤ ከዚያ አምጃና አስታ፤ ከሁሉም በላይ ጅብራ ብቻውን እንደ ደብር አለቃ ይቀመጣል። ብርዱና ዝናቡ ነው አሳላፊው። አሁን አሳላፊው ራሱ ተምታቶበታል፤ በጋው ይረዝማል፣ ዝናቡ ቀድሞ ይወጣል፣ እንግዶቹም አንዱ የአንዱን ወንበር እየገፋ ነው። ብዙ ዓይነት ዛፍ ያለበት ቦታ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። አንድ ዓይነት ብቻ የተከለ ሰው ግን እንደ እኔ በአንድ ሳምንት ባዶ ይቀራል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የማውቀው ግን ለሌላ ሰው ለመንገር ነበር።

ገበዙ፣ በሚቀጥለው ክረምት ከተጨናነቁት መካከል እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ለወሰድሁት ልክ የግቢው ጠርዝ ላይ ልተክል ተስማማን። ወደ አማቴ ወርጄ ነገሩን ሳስረዳ ንግግሬ ሳይረዝም እጃቸውን አነሡ።

«ቃልህን ተወው» አሉኝ። «ቃልህን አምና ሰምቻለሁ። ጥጉን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሄደው መጥረቢያቸውን ከጉቶው ላይ አነሡ።

በጋውን ሁሉ ያቺን የመነጠርኋትን መሬት እንዳታርሙ፣ እንዳታጭዱ አልሁ። አምጃውና ሣሩ መልሶ በቀለ። ክረምት ሲገባ ወፍ ዘራሾቹን ጥዶች ከነአፈራቸው አወጣንና በቁጥቋጦው መካከል ተከልን፤ ቁጥቋጦ በሌለበት የቀጋ ቅርንጫፍ አጠርንላቸው። ጥድ ብቻም አልተከልንም፤ ኮሶውንም ወይራውንም ቀላቀልን። የሥራው አለቃ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሚስቴ ወንድም! ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣

«ተው! እሷን አትንካት! አረም ማለት ማን ነው ያስተማረህ?» እያለ የአገሩን ጎበዝ ሁሉ ሲያዝዝ ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንፍናውን ሙያ ብሎታል።

ውርጩ ዘንድሮም መጣ። የሞተ አለ። የበዛው ግን ቆሟል፤ ከእነዚያ ከጥጉ ጥዶች አንዳንዶቹ ጉልበቴን አልፈዋል። ምንጩ ፈነዳ፣ ጎርፍ ሆነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። በመጋቢት ዙሪያው እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ የሚስቴ እናት ከወዲያኛው ሸለቆ የሚቀዱበት ጊዜ አጥሯል፣ አልቀረም። አማቴ ጡረታቸውን በየወሩ በመጥረቢያ ይጨፈጭፋሉ። ያኛው ያቆጠቁጣል፤ እሳቸው ይመቱታል። ማን እንደሚደክም ገና አልታወቀም።

ባለፈው ስሄድ አብረን በጥዶቹ መካከል ስንዞር ቆም አሉና፣

«ለመሆኑ ያንተ ጥድ የት ደረሰ? ብቸና ጓሮህ ሰፊ ነው ሲሉ እሰማለሁ» አሉኝ።

አፌ ላይ መልስ አልጠፋም ነበር። አንበሳ የሚያድርበት ደን አለኝ ልላቸው እችል ነበር፤ ከሞጣ ብቸና ወርደው ሊያዩት አይችሉም። መጥረቢያው ግን እጃቸው ላይ ነበር፤ መዳፋቸውም ተልጧል።

«አባባ፣ ጥድ የለኝም» አልኋቸው። «ጓሮዬ ከአጥር እስከ አጥር ባሕር ዛፍ ነው። አንዱንም አልቆረጥሁም።»